ዳገቱን ያቀለለልኝ ማርሽ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አልፎ ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ሳይክሌ ላይ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሳይክሉን ደግሞ በየቀኑ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ የምረሳበት ቀን የለም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢም አውጥቼ ነው። አጻጻፌ ባያምር አንባቢ ይለፈኝ። የሆነውን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው።

ሳይክሌ የውድድር ሳይክል ነው። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኜ ስሠራ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነው የገዛሁት። ቤቴ ሶዶ ዳር ነው፣ ጉኑኖ አጠገብ ደግሞ ከአባቴ የቀረችኝ መሬት አለች፤ እንሰትና ቦይና የምንለው ጎደሬ አለባት። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በሳይክሌ እየተመላለስኩ አያታለሁ። ባጃጅ አልወድም፣ ሞተርማ ጨርሶ።

ስመለስ፣ ወንዙን ከተሻገርኩ በኋላ አንድ ዳገት አለ። ድሮ ቆሜ እየረገጥኩ እወጣው ነበር። ቆይቶ ግማሹን ወጥቼ መውረድ ጀመርኩ። በኋላ በኋላ ከታች ጀምሬ እገፋው ነበር። ቦይና የተሸከሙ ሴቶች እየቀደሙኝ «ጋሼ፣ ሳይክሉ ታሞ ነው?» ይሉኛል። ቀኝ ጉልበቴ ማታ እንደ ጥርስ በሽታ ይጠዘጥዘኛል። ሲጠዘጥዘኝ ለማንም አልናገርም፣ ባለቤቴ ግን ታውቃለች።

ሳይክሌን የሚሠራልኝ ማቴዎስ ነው። ትዳር ይዞ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው፣ ጋሼ ይለኛል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ዛፍ ሥር ይሠራል። አንድ ቀን የኋላ ጎማውን እያሽከረከረ እንዲህ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ የኋላ ጥርስ ለሜዳ ነው የተሠራው፣ ትንሽ ነው። ትልቅ ብገጥምልዎት ዳገቱ ይቀልልዎታል።»

«ዳገት የሚወጣው እግሬ ነው ወይስ ብረቱ?»

«ሁለቱም ናቸው።»

«እንግዲያው ብረቱን ተወው።»

ማርሽ መቀየሪያው እንኳ ዝጎ ከተነቀለ ቆይቷል። ካቴናው ትንሿ ጥርስ ላይ ተቀምጦ ይኖር ነበር፣ እኔም እንደዚያው። ባለቤቴ አስቀይር ትለኛለች። ሐዋሳ ያለችው ልጃችን ማርታም በስልክ ትለኛለች። እኔ የያዝኩትን አለቅም። ዛሬ ማርሽ ከቀየሩልኝ ነገ ከዘራ ይሰጡኛል፣ ከነገ ወዲያ ፀሐይ ላይ አውጥተው ያስቀምጡኛል ብዬ ነው።

በዚያ ሰሞን ቤተክርስቲያናችን የጾም ጸሎት ይዞ ነበር። ለበሽተኞች ሲጸለይ እኔም ወጥቼ ለጉልበቴ አስጸለይኩ። በዚያው ሳምንት የፍሬኔ ሽቦ ተበጠሰና ሳይክሉን ማቴዎስ ጋ ተውኩት። ለአንድ የፍሬን ሽቦ አሳድሮ ሰጠኝ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው ጋሼ» አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ ጉኑኖ ሄጄ ስመለስ ዳገቱ ሥር ደረስኩ። ልወርድ እግሬን ሳዘጋጅ ሳይክሉ መሄዱን አላቆመም። እረግጣለሁ፣ ይሄዳል። ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል ብዬ ጠበቅኩት፣ ምንም አላለም። አናቱ ላይ ሳልወርድ ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ቁልቁል አየሁትና እንባዬ መጣ። ባርኔጣዬን አውልቄ ጌታን አመሰገንኩ።

ሜዳው ላይ ደግሞ እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ሳይክሉ ግን አይፈጥንም። ነፋሱ ነው አልኩ። ማመን ስለፈለግኩ ለቀረው ነገር ምክንያት አላጣሁም።

ብረቱን አላየህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ዓይኔ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም። ማቴዎስም አዲሱን ጥርስ በተቃጠለ ዘይትና በአፈር አሽቶ አሮጌ አስመስሎት ነበር። ይህን የነገረኝ በኋላ ነው።

እሑድ ምስክርነት ያለው ይቁም ሲባል ቆምኩ። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፣ የዚያን ቀን ግን አፌ ተከፈተ። ጉልበቴን ተናገርኩ፣ ዳገቱን ተናገርኩ፣ ቦይና የተሸከሙትን ሴቶች ሳይቀር ተናገርኩ። ሰው አሜን ባለ ቁጥር እጨምራለሁ። በመጨረሻ «የጉልበቴን ቅባት ወርውሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ መድኃኒት የሚባል ቤቴ አይገባም» አልኩ። ቅባቱን የወረወርኩት ዕቃው ባዶ ስለሆነ ነበር። እንደዚያ ስል ግን ደስ አለኝ፣ ሰውም ተነሥቶ አጨበጨበ።

ባለቤቴ በሴቶቹ ወገን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። በደስታ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

ስንወጣ አንጁሎ እጄን ያዘኝ። አንጁሎ ጓደኛዬ ነው፤ በሬ አጣምደን አርሰናል፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። ኢሻ ነው የሚለኝ፣ በእኛ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። የደም ግፊት አለበት፣ በየቀኑ ኪኒን ይውጣል።

«ኢሻ፣ ዛሬ ለኔ ነው የተናገርከው» አለኝ።

«እንዴት?»

«እንዴትማ። አንተ በዚህ ዕድሜህ ዳገት ከወጣህ እኔ እስከ መቼ ነው ኪኒን እንደ ቆሎ የምቅመው?»

ሳቅን። ጀርባውን መታ መታ አድርጌ «እመን ብቻ» አልኩት። እንደዚህ ነው ያልኩት። እጄ ጀርባው ላይ እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዳገቱን እየፈለግኩ እወጣው ነበር። ሰው እንዲያየኝ የገበያ ቀን እመርጥ ነበር። ሴቶቹን ስቀድማቸው «ሳይክሉ ድኗል» እላለሁ፣ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ወንዙን እንደተሻገርኩ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎማ መጣፍ ራሴ አውቃለሁ፤ ሳይክሉን ገልብጬ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አደረግኳቸው። ወንዙ የተቀባውን ሁሉ አጥቦለት፣ ፀሐይ የኋላውን ጥርስ ስትመታው አብለጨለጨ። የሻይ ሰሐን የሚያህል አዲስ ብረት። በእጄ ዳሰስኩት። ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ተቀምጧል። ትንሿ ጥርሴ የለችም።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያልገባኝ ነገር አልነበረም፣ ሁሉም ባንዴ ነው የገባኝ። ነፋስ ያልኩትም ነፋስ አልነበረም።

ቀጥታ ማቴዎስ ጋ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ቁልፉን አስቀምጦ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እኔን አይዩኝ። እትዬ ናቸው ያዘዙኝ።»

«የማን እትዬ?»

«የእርስዎ ባለቤት ናቸው። ብረቱን ማርታ ከሐዋሳ ላከችው፣ እትዬ በመሶብ ይዘው መጡ። ካቴናውንም አስረዝሜዋለሁ፣ ያለዚያ አይደርስም ነበር። አሮጌው ጥርስዎ አለ፣ አልጣልኩትም።»

«እኔ ቤተክርስቲያን ውስጥ ስናገር ሰምተሃል?»

«ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ በእውነት ፈራሁዎት። ደግሞ ደስ ብሎዎት ነበር።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጎመን ትቀነጥሳለች። በወላይትኛ ያለችኝን ነው በአማርኛ የምጽፈው።

«አወቅክ አይደል» አለችኝ፣ ፊቴን አይታ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እኔ ማርሽ ነው ያስቀየርኩት። ምስክርነቱን ያስነገርኩህ እኔ አይደለሁም። ነግሬህ ቢሆን ነቅለህ ትጥለው ነበር፣ ማታ ማታ ስታቃስት የምሰማው እኔ ነኝ። ልነግርህ ነበር፣ መቼ አስተነፈስከኝ? እኔ ሳልደርስብህ ሄደህ ቆምክ።»

 ጎመኑን አስቀመጠችው።

«ይልቅ ሂድና ለአንጁሎ ንገረው። ዛሬ ገበያ ላይ ሚስቱን አስቴርን አገኘኋት። ኪኒኑን ትቷል አለችኝ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ አንድም አልዋጠም። ራሱን ያዞረዋል፣ ግን አንተን እየጠራ እምቢ ይላታል።»

«እሑድ ጉባኤው ፊት እናገራለሁ» አልኳት።

«እሑድን ምን አመጣው? አንጁሎ ያለው እዚህ ነው።»

«እሑድ አልኩ።»

የአንጁሎ ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ በዳሞታ ተራራ በኩል ሽቅብ ነው። በዚያው ሰዓት ብነሣ ሳይመሽ እመለስ ነበር። አልተነሣሁም። አንድ ነገር ካልኩ አልኩ ነው፣ ልማዴ ነው። ለአንድ ሰው ነግሬ ወሬው ከሚቀድመኝ ለሁሉም ባንዴ ልናገር የሚል ሰበብም ነበረኝ። እውነቱን ካላችሁኝ ፈርቼ ነው።

እሑድ መጣ። ልናገር ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ከዲምቱ ቤተክርስቲያን እንግዶች መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ ሽማግሌ ገና ሳልቀመጥ «አባታችን፣ ያን የዳገቱን ምስክርነት ለእንግዶቻችን ይድገሙልን» አሉኝ። ሰው ወደ እኔ ዞረ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። አንጁሎ ከፊት አግዳሚ ላይ ነበር፣ ዞሮ በእጁ ተነሥ ተነሥ አለኝ።

ተነሣሁ። ማርሽ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ያወጣሁት ግን ሌላ ነው። ያንኑ ምስክርነት ደገምኩት። አሳጥሬ ደገምኩት፣ ግን ደገምኩት። የመድኃኒቱን ነገር ዘለልኩት፣ እሱን በመዝለሌ ትንሽ የታማኝነት ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። አንጁሎ ግን ከፊት ሆኖ ራሱ ሞላልኝ፦ «ቅባቱንም ወርውሮታል» አለ ለእንግዶቹ። ከሁሉም አሜን ጮክ ያለው የእሱ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ለእሱ ብዙ አልከሰስም። ሁለተኛውን እያወቅኩ ነው።

ባለቤቴ ቤት ስንገባ ምሳ አቀረበች፣ አብራኝ አልበላችም።

ረቡዕ ጠዋት አንጁሎ ላሙን ሊፈታ ወጥቶ በረቱ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ጎረቤቶች በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሱት። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ግራ እጁ አይነሣም አሉ። ወሬው የደረሰኝ ሳይክሌን ይዤ ወደ ጉኑኖ ልወጣ ስል ነው።

ወዲያው ሐኪም ቤት አልሄድኩም፣ መጀመሪያ ማቴዎስ ጋ ነው የሄድኩት። አሮጌውን ጥርስ ስጠኝ አልኩት። በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ምን ሊያደርግልዎት ነው አላለኝም። አፌን አላመንኩትም። ብረቱን ከያዝኩ መመለስ አልችልም ብዬ ነው።

አስቴር በር ላይ አገኘችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች።

«እንኳን መጣህ» አለችኝ። «የአንተን ጸሎት ጌታ ይሰማል። ግባና እጅህን ጫንበት።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንጁሎ ነቅቷል። ሲያየኝ በቀኝ እጁ አልጋውን መታ መታ አደረገ፣ ተቀመጥ ለማለት። ቃሉ ይጎተታል፣ ግን ይሰማል።

«ኢሻ» አለኝ። «እምነቴ... አነሰ መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ብረቱን ከጋዜጣው አውጥቼ ደረቱ ላይ አስቀመጥኩት።  በቀኝ እጁ ያዘው፣ ጥርሶቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሳይክሌ የኋላ ጥርስ ነው። አሮጌው። የማርታ እናት ሳታሳውቀኝ በትልቅ አስቀይራዋለች። ዳገቱን ያወጣኝ እሱ ነው። ጉልበቴ አልዳነም፣ ሥራው ቀለለት እንጂ።»

ብረቱን ገለበጠው።

«መቼ አወቅክ?»

ይህን እንዳይጠይቀኝ ነበር ስጸልይ የመጣሁት።

«ከእሑድ በፊት» አልኩት።

 አስቴር በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ እሷ ዞሬ ማየት አልቻልኩም። አንጁሎ ብረቱን ከደረቱ ላይ አንሥቶ መለሰልኝ።

«በዚያው ቀን... ነግረኸኝ ቢሆን... እስቅብህ ነበር» አለኝ። «እስክሞት ነበር የምስቅብህ።» ከዚያ በቀኝ እጁ አፉን ነካ አደረገ። «አሁን እንኳ... ለሳቅ አይመችም።»

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይጠይቀኝ ቆምኩ። ብረቱን ወደ ላይ አንሥቼ የሆነውን ተናገርኩ፣ የሁለተኛውንም እሑድ ጨምሬ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ተነሥተው፣ ማርሽም ሆነ ኪኒን በሰው እጅ ይምጣ እንጂ ሰጪው ያው ነው፣ ማንም የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳይተው አሉ። መልካም ተናገሩ። እኔ ግን ያ ንግግር ከሳምንት በፊት መነገር የነበረበት መሆኑን እያሰብኩ ነበር።

አዲሱን ጥርስ አስነቅዬ አሮጌውን ላስገጥም ፈለግኩ፣ ጉልበቴ ይቅጣኝ ብዬ። ባለቤቴ «አሁንም ስለራስህ ነው የምታስበው?» አለችኝ። «ጉልበትህ ቢሰበር የአንጁሎ እጅ ይነሣል? ይልቅ በደህናው ማርሽ ሄደህ ጠይቀው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አልኳት። ማቴዎስ አሮጌውን ጥርስ ከአዲሱ ጎን መልሶ መቀየሪያውንም ገጠመልኝ፤ ሜዳ ላይ ወደ ትንሹ፣ ዳገት ላይ ወደ ትልቁ አደርገዋለሁ።

አንጁሎ ከሐኪም ቤት ከወጣ ጀምሮ በየጠዋቱ ወደ ዳሞታ በኩል እወጣለሁ። ላሙን ፈትቼ ውኃ አጠጣለታለሁ፣ በግራ እጁ ገመድ መያዝ አይችልም። ከዚያ ኪኒኑን ሲውጥ ቆሜ አያለሁ። እንደ ሕፃን ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል፣ ዋጥኩት ለማለት ነው። አስቴር መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታዬን አትመልስም ነበር። አሁን ቁርስ ታቀርብልኛለች፣ ግን እንደ ድሮው አታጫውተኝም። አልፈርድባትም።

መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች፣ በተለይ ነገሩን ያልሰሙት፣ ዳገቱን ስወጣ ሲያዩኝ «ጋሼ፣ ብርቱ ነዎት» ይሉኛል። ለሁሉም «እኔ አይደለሁም፣ ማርሹ ነው» እላለሁ። ቆመው የማይሰሙኝን ደግሜ እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው አንዲት ቦይና የተሸከመች ሴት እንዲህ ስላት «ታዲያ ለኔም አንድ ያስገጥሙልኝ» አለችኝ። ሄጄ ለአንጁሎ ነገርኩት። ሳቀ። አፉ ሲስቅ የሚሄደው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

እሱ ሲስቅ አስቴርም ከጓዳ ሆና ፈገግ አለች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ዓይኔ ግን ከማይስቀው ወገን አልነሣም አለኝ።